ብርሌ ከነቃ በኋላ፦ መስታወትን በእቶን መቅረጽ ለሚጀምር ሰው

«ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ» የሚለው ተረት የሚነገረው ስለ ሰው ጠባይ ነው፤ የቆመው ግን ጠጅ ቤት የገባ ሁሉ በሚያውቀው እውነት ላይ ነው። የብረት ድስት ቢበሳ ይበየዳል፣ የእንጨት ገበታ ቢሰነጠቅ በሽቦ ይታሰራል፣ የነቃ ብርሌ ግን ይጣላል። አሁን አሁን በስልክ በሚዘዋወሩ አጫጭር ቪዲዮዎች ውስጥ ባዶ ጠርሙስ ተኝቶ እንደ ትሪ ሲዘረጋ፣ የመስኮት ቁርጥራጭ ተደራርቦ ጎድጓዳ ሳህን ሲሆን የተመለከቱ ሰዎች፣ በደብረ ብርሃንም ሆነ በደብረ ሲና፣ «ይህ ነገር እኛ ዘንድ ይቻላል?» ብለው ይጠይቃሉ። ይቻላል። ይሁን እንጂ ቪዲዮዎቹ አንድ ሙሉ ቀን የሚወስደውን ሥራ በሃያ ሴኮንድ ስለሚያሳዩ፣ የሥራው ልብ የት እንዳለ ይሰውራሉ። ተመልካቹ ጥበቡ በማቅለጥ ላይ ያለ ይመስለዋል፤ ልቡ ያለው ግን በማቀዝቀዝ ላይ ነው።

በዚህ ጽሑፍ «መስታወት» የሚለው ቃል መልክ የሚታይበትን ዕቃ ብቻ ሳይሆን፣ መስኮትም ጠርሙስም ብርጭቆም የሚሠራበትን ቁስ ያመለክታል።

ነገሩ በትክክል ምንድን ነው?

መስታወት ትኩስ ሆኖ የሚሠራባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው። ብርሌ የሚሠራው በመንፋት ነው፦ ባለሙያው እንደ ወፍራም ማር የሚዝለገለገውን መስታወት በረጅም የብረት ቱቦ ጫፍ ጠቅልሎ ያወጣና እየነፋ እንደ ፊኛ ያሳብጠዋል። ለዚህ ከ1,000 ዲግሪ በላይ ሌት ተቀን የሚነድ እቶን ያስፈልጋል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዲግሪዎች ሁሉ በሴልሺየስ ናቸው።) በእቶን መቅረጽ ግን ሌላ ነው። ቀዝቃዛው መስታወት እንደተፈለገው ተቆርጦ፣ ተደራርቦ፣ በቀዝቃዛው እቶን ውስጥ ይቀመጣል፤ ክዳኑ ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ ሙቀቱና የመስታወቱ የራሱ ክብደት ናቸው የሚሠሩት። የሰው እጅ የሚነካው ከመሞቁ በፊትና ከቀዘቀዘ በኋላ ብቻ ነው። በዚህ ረገድ ጥበቡ ከብርሌ ሠሪ ይልቅ ለዳቦ ጋጋሪ ይቀርባል።

ብዙዎች ከባለቀለም የመስኮት ሥራም ጋር ያምታቱታል። አንኮበር የተወለዱት ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ በአዲስ አበባው አፍሪካ አዳራሽ ያቆሙት፣ 150 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው ሥራ የዚያ ወገን ነው። በዚያ ሙያ የተለያዩ ባለቀለም መስታወቶች በማያያዣ ይገጣጠማሉ እንጂ ቀልጠው አንድ አይሆኑም። በእቶን የሚቀረጹት ግን ይዋሃዳሉ፤ ልዩነቱ ከዚህ በታች ለሚመጣው ችግር ሁሉ መነሻ ነው።

ዘዴው አዲስ አይደለም። የግብፅና የሜሶፖታሚያ ሰዎች መስታወት መንፋት ከመታወቁ ከ1,000 ዓመት በላይ ቀድመው በሙቀትና በቅርጽ ማውጫ ይሠሩ ነበር፤ መንፋት የተጀመረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በነበረው የመጨረሻ መቶ ዓመት በሶርያና በፍልስጥኤም አካባቢ ነው። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በአንደኛው መቶ ዓመት የተጻፈው የኤርትራ ባሕር የጉዞ መዝገብም ወደ አዱሊስ ወደብ ከሚገቡ ሸቀጦች መካከል ልዩ ልዩ ዓይነት የመስታወት ጌጥ መኖሩን ይጠቅሳል። መስታወት ለአገራችን እንግዳ ነው የሚባለው ነገር እንግዲህ ቢያንስ 1,900 ዓመት ዘግይቷል።

መስታወት የሚቀልጠው በስንት ዲግሪ ነው?

ጥያቄው ራሱ ትንሽ ይስታል። በረዶ በዜሮ ዲግሪ ይቀልጣል፤ ከዚያ በታች ጠጣር፣ ከዚያ በላይ ውሃ ነው። መስታወት እንዲህ ያለ የድንበር መስመር የለውም። የሚመስለው ማርን ነው። በታኅሣሥ ጠዋት ደብረ ብርሃን ላይ ማር በማንኪያ አልዛቅ ይላል፤ ማሰሮው ከምድጃ አጠገብ ሲቀመጥ ቀስ በቀስ ይላላል፣ ከዚያ ይዝለገለጋል፣ በመጨረሻ እንደ ውሃ ይፈስሳል። «አሁን ቀለጠ» የሚባልበት ቅጽበት ግን የለም።

ሙያው የተሠራው በዚህ መላላት ላይ ነው፤ አንዱ ደረጃ አንድ ውጤት ይሰጣልና። ለተራ የመስኮት መስታወት ግምቱ የሚከተለውን ይመስላል። ከ680 እስከ 720 ዲግሪ ባለው ውስጥ ጠፍጣፋው መስታወት ይረግብና ከሥሩ ባለው ጎድጓዳ ቅርጽ ውስጥ እንደ ረጠበ ጨርቅ ይገባል፤ ይህን «ማርገብ» እንበለው። 760 እና 780 አካባቢ ላይ የተደራረቡ ቁርጥራጮች ጫፋቸው ክብ እየሆነ እርስ በርስ ይያያዛሉ፣ ነገር ግን እያንዳንዱ ቁራጭ በጣት ሲዳሰስ ጉብታው ይታወቃል፤ ይህ «ማጣበቅ» ነው። ከ820 እስከ 840 ሲደርስ ሁለቱ ንብርብሮች አንድ ይሆናሉ፣ ገጹም ይለሰልሳል፤ ይህ ሙሉ «ውህደት» ነው። ለዚሁ ሙያ ተብለው በውጭ የሚመረቱ ባለቀለም መስታወቶች ከዚህ 30 ወይም 40 ዲግሪ ቀድመው ይላላሉ።

ጀማሪን የሚያስደንቅ አንድ ጠባይ አለ። ውሃ በቅባት በታሸ ምጣድ ላይ ሲፈስ ተሰብስቦ እንደሚቆም ሁሉ፣ ሙሉ በሙሉ የላላ መስታወትም ወደ 6 ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ይፈልጋል። ሁለት ባለ 3 ሚሊሜትር መስታወቶች ተደራርበው ቢገቡ ልኩ ሞልቷልና ቅርጻቸው እንዳለ ይወጣል። አንዱ ብቻ ከገባ ውፍረት ፍለጋ ወደ ውስጥ ይሰበሰባል፣ ጎኑ ይሰረጉዳል፣ ጠርዙም እንደ እሾህ የሾሉ ጥርሶች ያወጣል። ሦስትና አራት ከተደረበ ደግሞ ወደ ውጭ ይዘረጋል። የመጀመሪያ ሥራቸው ለምን እንደተጣመመ ያልገባቸው ብዙ ሰዎች ችግራቸው ይኸው ነው።

ማሩ ሌላም ነገር ያስረዳል። ማር ሲቆይ እንደሚረጋና ገጹ ነጭ አሸዋ እንደሚመስል፣ መስታወትም ከ700 ዲግሪ በላይ ብዙ ከዘገየ ገጹ ላይ ጥቃቅን ክሪስታሎች ይበቅሉበትና እንደ ጉም ይደበዝዛል። የመስኮት መስታወት በተለይ ለዚህ የተጋለጠ ነው። መከላከያው ከመግባቱ በፊት የጣት አሻራ እስኪጠፋ አጥቦ በአልኮል መወልወል፣ ከፍተኛው ሙቀት ላይ ሲደርስም አለመዘግየት ነው። ወርቅ ሠሪዎች ለብየዳ የሚጠቀሙበት ቦራክስ በውሃ ተሟሙቶ በስሱ ቢቀባም ይረዳል።

ከቀዘቀዘ በኋላ ለምን ይሰነጠቃል?

በብርድ ጠዋት ደብረ ብርሃን ሻይ ቤት የተቀመጠ ሰው መልሱን በዓይኑ አይቶታል። ከመደርደሪያ የወረደ ቀዝቃዛ ብርጭቆ ላይ የፈላ ሻይ ሲቀዳ «ቋ» ብሎ ሥሩ ይለቃል። የውስጡ ገጽ በድንገት ሞቆ ሊሰፋ ሲል የውጩ ገና ቀዝቃዛ ነው፤ አንዱ ይገፋል፣ ሌላው አይከተልም። አስተናጋጇ አስቀድማ ብርጭቆውን በሙቅ ውሃ የምታለቀልቀው ይህን ልዩነት ለማጥበብ ነው። ወፍራም ብርጭቆ ከስስ ብርጭቆ ይልቅ የሚሰነጠቀውም ሙቀቱ ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው ለመድረስ ስለሚዘገይበት ነው።

በእቶን ውስጥ ይህ በሁለት አቅጣጫ ይደርሳል። ሲሞቅ ቢቸኮልበት በመጀመሪያዎቹ 500 ዲግሪዎች ውስጥ ይፈነዳል። ይህ ቀላሉ ስሕተት ነው፤ በሰዓት 150 ዲግሪ ያህል እየተወጣ ከሄደ ለአነስተኛ ሥራ ይበቃል። አስቸጋሪው የመልስ ጉዞው፣ ማቀዝቀዙ ነው።

የሞረትና ጅሩን መረሬ አፈር በበጋ ያየ ሰው ያስታውስ። ዝናቡ ሲያባራ የላዩ ቀድሞ ይደርቅና ይኮማተራል፣ የሥሩ ገና እርጥብ ነው፤ ሁለቱ በአንድ ልክ ባለመሄዳቸው መሬቱ እግር እስኪያስገባ ይተረተራል። የሚቀዘቅዝ መስታወትም እንዲሁ ነው። ውጩ ቀድሞ ቀዝቅዞ ሲደድር ውስጡ ገና ትኩስ ነው፤ ቆይቶ ውስጡ ተራው ደርሶ ሊኮማተር ሲል የደደረው ውጭ ይይዘዋል። ይህ ጉተታ በመስታወቱ ውስጥ ታስሮ ይቀራል። ልዩነቱ መረሬው ወዲያው መተርተሩ ላይ ነው፤ መስታወቱ ግን ውጥረቱን እንደታቀፈ አምሮ ይወጣል፣ ይሸጣል፣ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፣ ከሳምንት በኋላ ማንም ሳይነካው ለሁለት ይከፈላል።

መድኃኒቱ በሙያው የታወቀ ነው። በተራው መስታወት ዘንድ በ540 እና በ550 ዲግሪ መካከል ልዩ ክልል አለ፦ መስታወቱ ቅርጹን ለመያዝ የበቃ ጠጣር ነው፣ ነገር ግን ውስጡ ያለው ጉተታ ራሱን ሊያላላ የሚችልበት ልስላሴ አልጠፋውም። በዚህ ክልል ላይ እቶኑ እንዲቆም ይደረጋል፣ ውስጡም ውጩም አንድ ሙቀት እስኪሆኑ ይጠበቃል፣ ከዚያም ልዩነት ሳይፈጠር በዝግታ ይወረዳል። በአማርኛ የረጋ ስም እስኪወጣለት «ማስከን» ብንለው ትርጉሙን ይይዛል፤ የተናወጠው እንዲሰክን መስጠት ነውና። ለ6 ሚሊሜትር ውፍረት አንድ ሰዓት ማቆም፣ ከዚያ እስከ 430 ገደማ ድረስ በሰዓት 80 ዲግሪ እያሉ መውረድ የተለመደ ልክ ነው። ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ግን ጊዜው ከእጥፍ በላይ ያድጋል፤ የአንድ ጡብ ያህል ውፍረት ያለው መስታወት ማስከን ቀናት ይወስዳል።

ከጣርማ በር ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ የጭነት መኪና ሹፌር ይህን በሌላ መንገድ ያውቀዋል። ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው በር ወደ 1,300 ሜትር ገደማ የሚያወርደውን ጠመዝማዛ በፍሬን ብቻ አይወርድም፤ ከባዱን ማርሽ አስገብቶ፣ ደብረ ሲና ላይ ቆም ብሎ፣ ፍሬኑ ሳይግል ይወርዳል። ጭነቱ በከበደ ቁጥር ማርሹም ዝቅ ይላል።

የተሰነጠቀ ሥራ ከመጣሉ በፊት ቢመረመር ብዙ ይናገራል። የስንጥቁ ጠርዝ ከለሰለሰና ከከበበ የተሰነጠቀው ወደ ላይ ሲወጣ ነው፣ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ የመጣው ሙቀት ጠርዙን አልስልሶታል። ጠርዙ እንደ ምላጭ የሚቆርጥ ከሆነ የተሰነጠቀው ሲወርድ ነው። ስንጥቁ ከዳር እስከ ዳር እንደ እባብ ተጣሞ ካለፈ ማስከኑ አልበቃም፤ በተደረበው ቁራጭ ዙሪያ ተከትሎ ከዞረ ግን ችግሩ ሌላ ነው፣ ወደ እርሱ እንለፍ።

የትኛውም መስታወት ከየትኛውም ጋር ይዋሃዳል?

አይዋሃድም። ይህን የማውቀው በራሴ ሥራ ነው። ከመስኮት ቁርጥራጭ በተሠራ፣ ስፋቱ የእንጀራ ሩብ በማይሞላ ሳህን መሐል የአረንጓዴ ጠርሙስ ስባሪ በቅጠል ቅርጽ አስቀምጬ አዋሃድሁ። ሲወጣ እንከን አልነበረውም፤ መስኮት ላይ አቁሜው ብርሃን ሲያልፍበት ቅጠሉ ከነጥላው ጠረጴዛው ላይ ይወርድ ነበር። በሦስተኛው ሌሊት «ጥክ» የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ አይጥ ነው ብዬ ተኛሁ። ጠዋት ሳየው ስንጥቁ ቅጠሉን በዙሪያው ተከትሎ፣ በመቀስ እንደተቆረጠ ለይቶ አውጥቶታል።

ምክንያቱ በሙቀት የመስፋፋት መጠን የሚባለው ነው። እያንዳንዱ መስታወት ሲሞቅ የሚሰፋበት፣ ሲቀዘቅዝም የሚኮማተርበት የራሱ ልክ አለው። በሙያው ይህ ልክ በአጭር ቁጥር ይጠራል፤ «90» ማለት አንድ ሜትር መስታወት በአንድ ዲግሪ 9 ሺህኛ ሚሊሜትር ይሰፋል ማለት ነው። የመስኮት መስታወት ብዙውን ጊዜ በ82 እና በ87 መካከል ይገኛል፤ ለዚህ ሙያ የሚመረቱት በአብዛኛው 90 ወይም 96 ናቸው፤ እሳት የሚችለው የላቦራቶሪ መስታወት ወደ 33 ይወርዳል።

ቁጥሮቹ ቅርብ ይመስላሉ። ሒሳቡ ግን እንዲህ ነው። 30 ሳንቲሜትር ርዝመት ያለው ባለ 85 መስታወት ከደደረ በኋላ 500 ዲግሪ ሲወርድ 1.275 ሚሊሜትር ይኮማተራል፤ ባለ 96ቱ በዚያው ርቀት 1.44 ሚሊሜትር ይኮማተራል። ልዩነቱ 0.165 ሚሊሜትር፣ ሁለት ቅጠል ወረቀት ያህል እንኳ አይሆንም። ነገር ግን ሁለቱ አንድ አካል ሆነው ተዋሕደዋልና ይህን ልዩነት የሚያስተናግድ ክፍተት የለም፤ አንዱ ሌላውን ዕድሜ ልኩን ሲጎትት ይኖራል። ማስከን ይህን አይፈውስም። ማስከን የሚፈታው ባለመመጣጠን የቀዘቀዘ አንድ ዓይነት መስታወትን ነው እንጂ ጠባያቸው የተለያየ ሁለት መስታወቶችን አይደለም።

መፍትሔው ከአንድ ቤተሰብ አለመውጣት ነው። በውጭ አገር የጀማሪዎች ሕይወት የቀለለው አምራቾች እርስ በርስ እንዲስማሙ የተፈተኑ ቀለሞችን ማቅረብ ስለጀመሩ ነው፤ በ1974 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ፖርትላንድ ከተማ የተመሠረተው ቡልስአይ በዚህ ረገድ ስሙ ይጠቀሳል። እንዲህ ያለ መስታወት በማይገኝበት ቦታ ደንቡ ይጠብቃል፦ ከአንድ ገበታ የተቆረጠ መስኮት ከራሱ ቁርጥራጭ ጋር፣ የአንድ ጠርሙስ ስባሪ ከዚያው ጠርሙስ ስባሪ ጋር። አንድ ዓይነት የሚመስሉ ሁለት ቡናማ ጠርሙሶች እንኳ ከተለያዩ ፋብሪካዎች የመጡ ከሆነ ዘመድ መሆናቸው በቀለማቸው አይታወቅም።

ሰሜን ሸዋ ላይ ከምን ይጀመራል?

ከአሉሚኒየምና መስታወት ሥራ ቤቶች ትርፍ። በደብረ ብርሃን ሕንፃ በበዛ ቁጥር የመስኮት ቆራጩ ቤት ጥግ የሚጣለው ስስ ቁርጥራጭም በዝቷል፣ ለሥራው ባለቤትም መጣያው ራሱ ችግር ነው። መጠየቅ ያለበት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ቁርጥራጮቹ ከአንድ ገበታ የመጡ ናቸው? የመስኮት መስታወት ዛሬ የሚመረተው ቀልጦ በፈሳሽ ቆርቆሮ ማዕድን ላይ እየተንሳፈፈ ነው፤ እንግሊዛዊው ፒልኪንግተን በ1959 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረገው ዘዴ ነው። ስለዚህ ቆርቆሮውን የነካው ወገኑ የማይታይ ስስ ቅሪት ይይዛል፣ አንዳንዴም ሲረግብ ያ ወገን በጥቂቱ ይጉማል። መስታወቱ በየትኛው ወገኑ እንደተቀመጠ ምልክት አድርጎ ማስታወስ ይጠቅማል።

ጠርሙስ ለማግኘት ቆራሌው አለ። እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ ይገባል፤ የቢራ ጠርሙስ ተመላሽ በመሆኑ ሳጥን የጎደለበት ግሮሰሪ ጋር መጋጨት አያስፈልግም። የወይን ጠጅና የመጠጥ ጠርሙሶች፣ ወይም አፋቸው የተሸረፈና ፋብሪካ የማይቀበላቸው ይበቃሉ። ጠርሙስ ለጀማሪ የሚመችበት ምክንያት ከላይ የተባለው የዝምድና ጥያቄ የማይነሳበት መሆኑ ነው፤ አንድ ጠርሙስ ከራሱ ጋር ይስማማል። ታጥቦ፣ ወረቀቱ ተልጦ፣ ክዳኑና የክዳኑ ብረት ተነቅሎ፣ እንዳይንከባለል በጎኑ ተደግፎ ሲገባ ከ760 እስከ 790 ባለው ውስጥ ይተኛል።

የማይገቡትም አሉ። የመኪና የጎን መስታወት ሆን ተብሎ ውጥረት እንዲታሰርበት የተደረገ ነው፤ መቁረጫ ሲነካው ወደ ጠጠር ይበተናል። የመኪና የፊት መስታወት በሁለት ንብርብር መካከል ፕላስቲክ አለው፣ እቶን ውስጥ ይጨሳል። መልክ የሚታይበት የቤት መስታወት ጀርባው ቀለምና ብር ስለተቀባ ሳይላጥ አይገባም።

እቶኑስ? መብራቱስ?

እቶን የሚለው ቃል ለሚ ላይ እንደተተከለው ያለ የሲሚንቶ ፋብሪካን ያስታውስ ይሆናል፤ የዚያ እቶን 1,450 ዲግሪ ይጠይቃል። የእኛው ግን በጠረጴዛ ላይ የሚቆም የኤሌክትሪክ ሳጥን ሊሆን ይችላል። አነስተኛው 3 ኪሎ ዋት ገደማ ይፈልጋል፣ በ220 ቮልት 14 አምፔር መሆኑ ነው፤ የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ ከሚፈልገው አይበልጥም። ምጣዱን የሚችል መስመር ይህንም ይችላል፣ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ግን አይሞክሩ። ግድግዳው እሳት በሚችል ቀላል ጡብ ወይም በሴራሚክ ክር ብርድ ልብስ የተሠራ ነው። የኋለኛው ሥራው የመንዝ ባና ለእረኛ ከሚሠራው አይለይም፤ ሙቀት አይፈጥርም፣ ያለውን ይይዛል።

ከእቶኑ በላይ ዋጋ ያለው መቆጣጠሪያው ነው። ሙቀቱን የሚለካው ቴርሞኮፕል የሚባል ሁለት ሽቦ ጫፉ ተበይዶ እቶኑ ውስጥ ይገባል፤ መቆጣጠሪያው ያነብበዋል፣ ኃይሉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ያለ መቆጣጠሪያ የሚሠራ ሰው ሌሊቱን ሙሉ እጁን ማብሪያው ላይ አድርጎ መቀመጥ አለበት፤ ተደርጓል፣ ግን ለማንም አይመከርም።

የቮልቴጅ መውረድም ይታሰብበት። ምሽት ላይ 220 የነበረው ወደ 190 ቢወርድ የእቶኑ ኃይል በሩብ ያህል ይቀንሳል፣ ስለዚህ ይዘገያል፤ 700 ዲግሪ ላይ ሲዘገይ ደግሞ ጉም ይጀምራል። መብራት ጨርሶ ቢጠፋ ደንቡ አንድ ነው፦ ክዳኑ አይከፈትም። የጠፋው ወደ ላይ ሲወጣ ከሆነ፣ ሲመለስ በዝግታ እንደገና ይጀመራል። የጠፋው በማስከን ላይ ከሆነ ሥራው በሰላም ቢወጣም አይታመን፤ በሌላ ቀን ቀስ ተብሎ ወደ 550 ይመለስና ማስከኑ ይደገማል። ማስከን መደገም መቻሉ ከዚህ ሙያ ትልልቅ ምሕረቶች አንዱ ነው። የነቃ ሳህንም ቁርጥራጮቹ ተገጥመው ወደ ሙሉ ውህደት ሊመለሱ ይችላሉ፤ የስንጥቁ መስመር ጠባሳ ሆኖ ቢታይም ዕቃው ዕቃ ይሆናል። ቅጠሌ ግን ከዚህ ምሕረት ውጭ ነበር፤ ያጣላው ዘሩ ነውና።

መስታወቱ ከሥሩ ካለው ጋር ለምን አይጣበቅም?

ይጣበቃል፣ ካልተሟሸ። አዲስ ምጣድ ሳይሟሸ እንጀራ ቢጋገርበት የሚሆነው እዚህም ይሆናል፣ የሚጠፋው ግን አንድ እንጀራ ሳይሆን መስታወቱ የሚቀመጥበት የእቶኑ ሰሌዳ ነው። የምጣድ ማሟሻው የጎመን ዘር ነው፤ የእቶን ሰሌዳ ማሟሻ ካኦሊን የሚባለው ነጭ ሸክላና አሉሚና በውሃ ተበጥብጠው የሚሠራ፣ እንደ ወተት የቀጠነ ቅብ ነው። በለስላሳ ብሩሽ በተለያየ አቅጣጫ አራት አምስት ጊዜ በስሱ ይቀባል፣ ጨርሶ ይደርቃል። በሙሉ ውህደት ከዋለ በኋላ መፋቅና እንደገና መቀባት ይፈልጋል።

ለማርገቢያ የሚሆነውን ጎድጓዳ ቅርጽ ሸክላ ሠሪዎች ሊሠሩት ይችላሉ፤ በዚህ አካባቢ ያለ ጀማሪ ከቪዲዮዎቹ ባለቤቶች የሚበልጥበት ነገር ቢኖር ይህ ነው። ቅርጹ በደንብ የተተኮሰ፣ ያልተወለወለ፣ ከሥሩ አየር የሚወጣበት ቀዳዳ ያለው መሆን አለበት፤ ቀዳዳው ከሌለ የታፈነው አየር መስታወቱን እንደ አረፋ ይነፋዋል። መስታወት ሲቀዘቅዝ ከሸክላ የበለጠ ስለሚኮማተር፣ በሸክላ ውስጥ የረገበ ሳህን ራሱ ተላቅቆ ይወጣል። በተደፋ ሸክላ ላይ ካረገቡት ግን እየጠበበ ያንቀዋል፣ ይሰበራልም። ለተደፋው ቅርጽ ከመስታወት በላይ የሚኮማተረው የማይዝግ ብረት ተገቢ ነው።

ጉዳት አለው?

የሚቆርጥ ነገር ነውና የዓይን መከላከያ መነጽር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይደረጋል። ከመቆረጥ ይልቅ የሚያሰጋው ግን አቧራው ነው፤ ጠርዝ ሲሞረድ በውሃ እየረጠበ ይሞረድ፣ ደረቅ ቅብ ሲፋቅም ሳንባ የሚከላከል ጭምብል ይደረግ፣ በነጠላ ጫፍ አፍን መሸፈን አይበቃም። ባለቀለም መስታወቶች አንዳንዶቹ እርሳስ ወይም ካድሚየም ስለሚይዙ፣ ምንጫቸው ያልታወቁት ለምግብ ዕቃ አይሁኑ።

የመጀመሪያው ሥራ ምን ይሁን?

ትንሽ። 10 በ10 ሳንቲሜትር የሆኑ ሁለት ባለ 3 ሚሊሜትር የመስኮት ቁርጥራጮች፣ በመካከላቸው ስስ የመዳብ ሽቦ ተጠምዝዞ። መቁረጫው ነጭ ጋዝ ይነካና በማስመሪያ አጠገብ አንድ ጊዜ ብቻ ይሳባል፤ ድምፁ አቡጀዲ ሲቀደድ እንደሚሰማው ያለ ቀጭን «ሽርር» ከሆነ መስመሩ ደኅና ነው፣ ከተንኳኳ ወይም የመስታወት ዱቄት ከተረጨ እጅ ከብዷል። በተሰመረው ላይ ደግሞ መሳብ መቁረጫውን ያደነዝዘዋል። ከዚያ መስመሩ በሁለት አውራ ጣቶች መካከል ይያዝና ወደ ታች ይሰበራል፤ መስታወት የሚከተለው ጉልበትን ሳይሆን ጭረቱን ነው።

በሰዓት 150 ዲግሪ እየተወጣ 670 ላይ ግማሽ ሰዓት ይቆማል፤ ይህም በሁለቱ መካከል የታሰረው አየር ጠርዞቹ ሳይዘጉበት እንዲወጣ ነው። ከዚያ ፈጠን ብሎ 825፣ እዚያ 10 ደቂቃ። ቀጥሎ ያለ ፍጥነት ገደብ ወደ 550 እንዲወርድ ይተዋል፤ መስታወቱ ገና ለስላሳ ነውና ይህ ፍጥነት አይጎዳውም፣ ከጉምም ያድነዋል። 550 ላይ አንድ ሰዓት፣ እስከ 430 በሰዓት 80፣ ከዚያ እቶኑ ተዘግቶ በራሱ ይብረድ። በጠዋት የተጀመረ ሥራ በማግስቱ ጠዋት ይወጣል። የእቶኑ መለኪያ ከሌላው እቶን መለኪያ 10 ወይም 20 ዲግሪ ሊለይ ስለሚችል የተደረገው ሁሉ ከነውጤቱ በደብተር ይጻፍ፤ ሁለተኛው ሥራ የሚመራው በዚያ ደብተር ነው።

ደብረ ብርሃን ላይ ማግስቱ ጠዋት የተለየ ፈተና አለው። በኅዳርና በታኅሣሥ ክፍሉ ውስጥ ያለው አየር ወደ ዜሮ ዲግሪ ሊጠጋ ይችላል፣ መለኪያው ደግሞ ገና 120 ያሳይ ይሆናል። ክዳኑን «ለአንድ አፍታ» ከፍቶ ማየት ከሻይ ቤቱ ብርጭቆ ጋር አንድ ነው፣ አቅጣጫው ብቻ ተገልብጧል። መለኪያው ከ40 በታች እስኪል ይጠበቅ፤ በብርድ አገር ይህ ቁርስ ተበልቶ የሚያልቅበት ጊዜ ነው። ሥራው ሲወጣ የኮምፒውተር ማያ ነጭ ተደርጎ ከፊቱ ይያዝና ፖላራይዝድ በሚባለው፣ ነጸብራቅ በሚቀንሰው የፀሐይ መነጽር ይታይ፤ መነጽሩ ማያው እስኪጨልም ድረስ ሲዞር፣ ውጥረት ያለበት መስታወት በጨለማው ላይ ብርሃን ያወጣል፣ የሰከነው ጠቁሮ ይቀራል። በመዳቡ ጫፎች ዙሪያ ትንሽ ወገግታ ቢታይ አያስደነግጥም። በሳህኑ ማዕዘኖች ሁሉ ብርሃን ከታየ ግን ዕቃው መደርደሪያ ላይ ሳይወጣ ወደ 550 ይመለስ።